የልጆች የገና ድራማ አዘገጃጀት፦ ከዕጣ ማውጣት እስከ ነጠላ መመለስ

ኅዳር ሲገባ ስልኬ እረፍት ያጣል። ከአጋሮ ይደወላል፣ ከሰቃ ይደወላል። እዚሁ ጅማ ቆጪ ሰፈር ያለች የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ጓደኛዬም በቴሌግራም ትጽፍልኛለች። ጥያቄው ሁሌ ያው ነው፦ «የልጆቹን የገና ድራማ ከየት ነው የምንጀምረው?» ለእያንዳንዱ ሰው ረጅም የድምፅ መልእክት ከምልክ አንዴ አሟልቼ ልጻፈው አልኩ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች መድረክ ላይ ሲወጡ የሆነ ነገር ይበላሻል። ክንፍ ይወልቃል፣ ዘውድ ዓይን ላይ ይወርዳል፣ እረኛው መሃል ላይ ሽንቱ ይመጣል። ይህን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አትችሉም። የምትችሉት ነገር ሲበላሽ ታሪኩ እንዳይቆም፣ ልጁም ሰው ፊት እንዳያፍር አድርጋችሁ ማሰናዳት ነው። ከታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ25 ልጅ ያህል)

– ነጠላ፣ ከ10 እስከ 12። ከወላጆች በውሰት ይሰበሰባል። ለመላእክት፣ ለማርያምና ሕፃኑን ለመጠቅለል።
– ጋቢ፣ 4። ሦስቱ ለትልልቅ እረኞች፣ አንዱ ለእናንተ። ለምን ለእናንተ እንደሆነ እርምጃ 9 ላይ እነግራችኋለሁ።
– የቃጫ ቡና ጆንያ፣ 5 ወይም 6። ጅማ ላይ ይህ አይቸግርም። ለትንንሽ እረኞች ልብስና ለበረቱ ግድግዳ።
– ትልልቅ ካርቶን። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ።
– ብልጭልጭ የስጦታ ወረቀት፣ ወርቃማና ብርማ።
– ሰፊ ላስቲክ፣ መርፌና ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሰፊ ፕላስተር፣ ማርከር፣ ጠመኔ።
– ጥጥ፣ ለበጎቹ።
– የጨርቅ አሻንጉሊት፣ አንድ። ፕላስቲክ አይሁን።
– የደረቀ ሣር፣ አንድ ጆንያ።
– የእጅ ባትሪ፣ 5፣ ከአዲስ ድንጋይ ጋር።
– የጅማ በርጩማ፣ አንድ፣ ለሄሮድስ ዙፋን። ባለ ሦስት እግሩ ከባድ ስለሆነ ልጅ ሲቀመጥበት አይገለበጥም። ጥርብ ስለሆነም ምንም ማስዋብ አይፈልግም።

የጎደለውን መርካቶ ወርዳችሁ ግዙ። ግን መጀመሪያ ወላጆችን ጠይቁ። ከዚህ ዝርዝር ብዙው ነገር ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

እርምጃ 1፦ ቀኑን ቁረጡ

ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል። 2016 ላይ እንደዚያ ነበር፣ 2020 ላይም ይደገማል። የጥሪ ወረቀት ከመታተሙ በፊት ካላንደር እዩ፤ የተሳሳተ ቀን የተጻፈበት ጥሪ ለመቶ ሰው ከደረሰ በኋላ ማረም ከባድ ነው።

ድራማውን በበዓሉ ዕለት አታድርጉት። ከበዓሉ በፊት ያለውን እሑድ ያዙ። በበዓሉ ጠዋት እናቶች ከዶሮ ወጡ ሥር አይነሱም፣ ገጠር ዘመድ ያለውም ከዋዜማው ጀምሮ ይሄዳል። ዮሴፍ ሊሙ ሄዶ ማርያም ብቻዋን የቆመችበት ዓመት አሳልፈናል።

ልምምድ ኅዳር አጋማሽ ላይ ይጀመር። ስድስት ሳምንት ይበቃል። እኛ ጋ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብዙ ልጆች ከቤተሰብ ጋር ወደ ቡናው ይሄዳሉ። ስለዚህ ልምምዱን ቅዳሜ አታድርጉ፤ እሑድ ከትምህርት በኋላ አርባ ደቂቃ በቂ ነው። ከአርባ ደቂቃ ካለፈ ትንንሾቹ መሮጥ ይጀምራሉ፣ ትልልቆቹም እነሱን ማባረር።

እርምጃ 2፦ ታሪኩን ተራኪው ላይ አቁሙት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ያዙ።

የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ሙሉ ንግግር ጻፍኩ። ማርያም ይህን ትላለች፣ መልአኩ ያን ይመልሳል፣ ዮሴፍ ይቀጥላል። ልጆቹ ልምምድ ላይ አንድም ቃል ሳይስቱ ያወሩት ነበር። በዕለቱ መልአኩ ወጣ፣ ሰዉን አየ፣ ቃሉ ሁሉ ጠፋበት። ማርያም ደግሞ የእሱን ቃል ሰምታ ነው የምትናገረው፤ እሱ ዝም ሲል እሷም ዝም። ዮሴፍም ዝም። አዳራሹ ሙሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ መልአኩ ማልቀስ ጀመረ፣ እናቱ መድረክ ላይ ወጥታ አቅፋ ወሰደችው። ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እንዲሳተፍ ብለምነውም እምቢ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የድራማውን ሸክም ሁሉ ሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ነው የጫንኩት።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ድምፁ የሚሰማ፣ አጥርቶ የሚያነብ አንድ ትልቅ ልጅ ወይም አስተማሪ ማይክ ይይዝና ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከወረቀት ያነባል። ልጆቹ የሚያነበውን ይሠራሉ። ተራኪው «ማርያምም ሕፃኑን በግርግም አስተኛችው» ሲል ማርያም ብትረሳ እንኳ ሰምታ ታደርገዋለች። እያንዳንዱ ልጅ የሚናገረው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ቃል የማይበልጥ። ያቺንም ቢረሳት ተራኪው «መልአኩም አትፍሩ አላቸው» ብሎ ያልፋል፤ መርሳቱን ከልምምዱ ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም።

ቃሉን ለልጁ በሚቀለው ቋንቋ ስጡት። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ «አትፍሩ» ከሚል «ሂን ሶዳቲና» ቢል ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ሳይጨነቅ ነው የሚወጣው። ተራኪው በአማርኛ ይደግመዋል። አያቶቹም ከታች ሲሰሙት ፊታቸው ይበራል።

ታሪኩን ከሉቃስ 2 እና ከማቴዎስ 2 አውጡ፤ የመልአኩ ብሥራት ደግሞ ሉቃስ 1 ላይ ነው። ትዕይንቶቹ ሰባት ይሁኑ፦ ብሥራቱ፣ ወደ ቤተልሔም መንገዱ፣ ማደሪያ ፍለጋው፣ እረኞቹና መላእክቱ፣ ግርግሙ፣ ሄሮድስና ሰብአ ሰገል፣ በመጨረሻ ስጦታውና መዝሙሩ። ጠቅላላው ከ20 ደቂቃ አይለፍ። የሕፃናቱን መገደል አታስገቡ፤ አራት ዓመት ልጆች ያሉበት መድረክ ነው።

ልጅ ሲበዛባችሁ ወይም ሲያንሳችሁ መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ ቦታ ይሰጣችኋል። ማቴዎስ ሰብአ ሰገል ስንት እንደነበሩ አይናገርም፤ ሦስት የሆነው ስጦታው ነው፣ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ። አምስት ልጅ ሰብአ ሰገል ብታደርጉ ስሕተት የለውም። ሉቃስም ስለ ማደሪያው ባለቤት ምንም አይልም፣ ቦታ እንዳልነበረ ብቻ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ልጅ ከበዛ ሦስት በር፣ ሦስት ባለቤት አድርጉ። ካነሰ ተራኪው «ማደሪያም አላገኙም» ብሎ ይለፈው።

እርምጃ 3፦ ሚና ደልድሉ

አብዛኛው ቅያሜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ማርያም መሆን ይፈልጋሉ። ወላጆችም ይፈልጋሉ፣ አንዳንዴ ከልጆቹ ይበልጥ።

መጀመሪያ ልጆቹን በሙሉ ሁሉንም ሚና አስሞክሯቸው። ከዚያ ማርያምና ዮሴፍ መሆን በሚፈልጉት መካከል ዕጣ አውጡ፣ ልጆቹ ዓይን ፊት፣ ወረቀቱን ትንሿ ልጅ እያነሳች። እናንተ ከመረጣችሁ «የእገሌን ልጅ ስለምትወድ ነው» ይባላል። ዕጣ ከሆነ ግን ክርክር አይነሳም።

ሄሮድስን ግን በዕጣ አትስጡ። ድምፁ ጎላ ያለ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ቢነኩት ቶሎ የማይከፋው ልጅ ምረጡ፣ ለወላጆቹም አስቀድማችሁ ንገሩ። አንድ ዓመት ሄሮድስ የነበረው ልጃችን ከድራማው በኋላ ለሳምንታት ትምህርት ቤት ውስጥ «ሄሮድስ! ሄሮድስ!» እየተባለ ሲሳቀቅ ከረመ። ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ሄሮድስ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ፊት ዘውዱን አውልቆ መሬት ያስቀምጥና ከሌሎቹ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይዘምራል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ልጁ መድረኩን የሚለቀው እንደ ወዳጃቸው ሆኖ ነው።

4 እና 5 ዓመት የሆናቸውን በግ አድርጓቸው። መልአክ አታድርጓቸው። መልአክ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ በግ ግን ቢንከባለል፣ ቢተኛ፣ ቢዞር በግ ነው። ሰው ፊት መውጣት የሚፈራ ልጅ ካለ አታስገድዱት፣ ያለ ሥራም አታስቀሩት። ኮከቡን ይያዝ፣ መጋረጃ ይክፈት፣ ተራኪው ሲያነብ ገጽ ይግለጥ። ስሙ ከሌሎቹ ጋር ይጠራ።

ለማርያም፣ ለዮሴፍ፣ ለዋናው መልአክና ለተራኪው ተጠባባቂ ያስፈልጋል። ጉንፋኑም አለ፣ ለቀማውም አለ።

እርምጃ 4፦ ልብስ

ጆንያው ከመለበሱ በፊት ይታጠብና ፀሐይ ይምታው። አንገቱና ክንዱ ሲቆረጥ ዳሩን በጨርቅ ስፉት፣ ከውስጥም ቲሸርት ይልበሱ። ቃጫ ቆዳ ያሳክካል። የሚያሳክከው ልጅ ደግሞ መልአኩ እየተናገረ እሱ ጀርባውን ሲያክ ነው የሚታየው።

ነጠላውን ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ አትያዙት፤ ተከፍቶ ይወጋል። በክር ሁለት ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ስፉት፣ በኋላ በቀላሉ ይፈታል። መርፌ ቁልፉ ለድንገተኛ ነው፣ እናንተ ደረት ላይ ተሰክቶ ይቆይ። ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን። መሬት የሚጎተት ልብስ የለበሰ ልጅ ደረጃ ላይ ይወድቃል፣ ይህን ያላየሁበት ዓመት የለም።

ክንፍ ከካርቶን ይቆረጥና ብልጭልጭ ወረቀት ይለበጥ፣ በሰፊ ላስቲክ እንደ ቦርሳ ይታዘል። ስፋቱ ከልጁ ክርን አይለፍ። አንድ ጊዜ በጣም የሚያምር ሰፊ ክንፍ ሠርተን መላእክቱ በጎን በሩ ማለፍ አቃታቸው፤ ሰባቱም በሩ ላይ ተሰልፈው ቀሩ፣ መዝሙሩ ያለ እነሱ ተጀመረ። ልኩን የምትለኩት በበሩ ነው።

ጢም ከጥጥ አትሥሩ። አፍ ውስጥ ይገባል፣ በማጣበቂያ ከተያዘ ፊት ያቆስላል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ከአሮጌ ጋቢ ዘርፍ ላይ ቆርጣችሁ ላስቲክ ስፉበት፣ ጆሮ ላይ ይንጠልጠል።

የስጦታ ዕቃ ከሸክላ አይሁን። ከርቤውን በትንሽ ጀበና ያስያዝንበት ዓመት ጀበናው ከነስብርባሪው ግርግሙ ፊት ቀረ፤ ባዶ እግራቸውን የነበሩት በጎች ላይ ደግሞ ልቤ ቆመ። ሙዳይ ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ቢወድቅም ይንከባለላል እንጂ አይሰበርም።

እርምጃ 5፦ መድረኩን አዘጋጁ

በረቱ ሦስት ጆንያና ሁለት ቋሚ እንጨት ነው። ግርግሙ የቲማቲም ሳጥን ይሁን፤ ምስማሩን ግን አንድ በአንድ እዩ፣ ወጣ ያለው ይቀጥቀጥ።

ሣሩን ውጭ አውጥታችሁ አራግፉት። የጤፍ ጭድ አትጠቀሙ፤ ብናኙ ያስላል፣ አስም ላለበት ልጅ ደግሞ አደጋ ነው። ቄጠማም ወለሉ ላይ አትጎዝጉዙ። በዓል በዓል ይሸታል፣ አውቃለሁ፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን እርጥብ ቄጠማ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። በር ላይ ይሁን።

እያንዳንዱ ልጅ የሚቆምበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ የራሱን ምልክት ራሱ ይሳል። አንዱ ዓሣ፣ አንዱ አበባ፣ አንዱ መኪና። የራሱን ሥዕል የሳለ ልጅ የት እንደሚቆም አይረሳም። ምልክቱን ማይኩ ፊት አትሰብስቡት፤ ከተሰበሰበ ይገፋፋሉ።

ኮከቡን ከጣሪያ አትስቀሉ። አንድ ጊዜ ክሩ ተበጥሶ ሁለተኛው ሰብአ ሰገል ራስ ላይ ወረደ። ካርቶን ነውና አልጎዳውም፣ ግን ደነገጠ። ረጅም እንጨት ላይ ይታሰርና ያ ሰው ፊት መውጣት የሚፈራው ልጅ ይዞት ከፊታቸው ይሂድ።

እርምጃ 6፦ ሕፃኑና በጉ

እውነተኛ ሕፃን አታምጡ። ጨቅላ ጫጫታውም፣ ብርዱም፣ ሰባት ዓመት ልጅ እጅ ላይ መሆኑም አይስማማውም። የጨርቅ አሻንጉሊቱን በነጠላ ጠቅልላችሁ በክር ስፉት። ካልተሰፋ ይፈታል፣ ማርያምም በአንድ እግሩ ይዛው ትቆማለች።

አሻንጉሊቱ ከመጀመሪያው ግርግሙ ውስጥ ይሁን፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። ሰዓቱ ሲደርስ ማርያም ጨርቁን ትግለጥ። ከጎን ተቀብላ ስትመጣ እጅ በእጅ ሲሻገር ነው የሚወድቀው። ሣሩ ውስጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ደብቁ፤ ጨርቁ ሲገለጥ የልጅቷ ፊት ላይ ብርሃን ያርፋል። ይህን ስናደርግ አዳራሹ ሁሌ ጸጥ ይላል። በሽቦ የሚመጣ አምፖል ግን በፍጹም አይግባ፤ ይሞቃል፣ ሣሩ ደረቅ ነው።

በግም አታምጡ። ይህን የምለው አይቼ ነው። አንድ ደግ አባት ለበዓሉ የገዛውን በግ «ለልጆቹ ድራማ ይሁን» ብሎ አመጣልን፣ እኛም ደስ ብሎን ተቀበልን። ኪቦርዱ ሲጀምር በጉ ደነበረ። ገመዱን የያዘው ስምንት ዓመት እረኛ አልለቅም ብሎ፣ በጉ በወንበሮቹ መሃል እየጎተተው እስከ በሩ ሄደ። ልጁ በጉን አልለቀቀም፣ መዳፉ ግን በገመዱ ተልጦ ነበር። አሁን የሚመጣ በግ ካለ ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ ይታሰራል፣ ልጆቹ ከድራማው በኋላ ያዩታል።

እርምጃ 7፦ ድምፅና መብራት

ለልጆቹ አንድ ማይክ ይበቃል፣ በእጅ አይያዝ፣ መቆሚያ ላይ ይሁን። ቁመቱን ለመካከለኛው ልጅ አስተካክሉ። ማይክ እጁ የገባ ልጅ አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ ስፒከሩ ይጮኻል፣ ትንንሾቹ ጆሯቸውን ይዘው ይሸሻሉ። ተራኪው የራሱ ማይክ ይኑረው።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ጄኔሬተር ካለ ከሕንፃው ጀርባ ይሁን፤ አጠገብ ከሆነ የልጅ ድምፅ አይሰማም። ከሌለ አራት ወጣቶች የእጅ ባትሪ ይዘው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ልጆቹንም በልምምድ ላይ አንዴ ሆን ብላችሁ መብራት አጥፍታችሁ አስለምዷቸው፦ ሲጠፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ ተራኪው መዝሙር ያስጀምራል፣ ባትሪው ይበራል፣ ይቀጥላል። የለመደ ልጅ አይጮኽም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሻማም ጧፍም ልጅ እጅ ላይ አይያዝ። ነጠላ አለ፣ ጥጥ የለበሱ በጎች አሉ፣ ደረቅ ሣር አለ። ሳይቃጠል በቅጠል። ዕጣኑም ማጨሻው ውስጥ ፍም ሳይኖርበት ይቀመጥ፤ መያዙ ብቻ በቂ ነው።

እርምጃ 8፦ ልምምድ

ሁለቱን የመጀመሪያ ሳምንታት ታሪኩን ብቻ ንገሯቸው፣ ሚናም አትስጡ። ሦስተኛው ላይ ዕጣ። አራተኛው ላይ በምልክቱ ላይ መቆምና መውጣት መግባት። አምስተኛው ላይ ከተራኪው ጋር። የመጨረሻው ሳምንት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አዳራሹ ውስጥ፣ በማይክ። በመጨረሻው ልምምድ ላይ አሥር ያህል ወላጆች ጥሩና ፊት ለፊት አስቀምጡ። ባዶ ወንበር ፊት የለመደ ልጅ ሰው ሲያይ ነው የሚደነግጠው።

ቃሉን በቤት ያጠኑ ብላችሁ ለወላጅ ወረቀት ከሰጣችሁ «እንዳትጫኗቸው» ብላችሁ ጨምሩበት። አንዷ እናት በየቀኑ ማታ እያስደገመች ልጅቷ ቃሏን መስማት እንኳ አስጠልቷት ነበር።

እርምጃ 9፦ የዕለቱ ዕለት

ልጆቹ ከአንድ ሰዓት በፊት ይምጡ። ከዚያ በላይ አስቀድመው ከመጡ ይደክማሉ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጅማ ትበርዳለች፣ ከውስጥ ሹራብ ይልበሱ። ልብስ ከመልበሳቸው በፊት ዳቦና ሻይ፤ ከለበሱ በኋላ ምንም። ለስላሳ በፍጹም አትስጡ፣ ነጠላው የሰው ነው።

ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም፣ «አልመጣብኝም» የሚሉትም ጭምር፣ ሽንት ቤት ይሂዱ። ክንፍ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን አራተኛው ጋቢ። እናንተና አንድ ሌላ አስተማሪ ጋቢ ለብሳችሁ፣ ራሳችሁን ሸፍናችሁ፣ ከመጀመሪያው መድረኩ ጥግ ላይ እንደ እረኛ ቁጭ በሉ። (ለሌላው አስተማሪ ከእረኞቹ አንዱን ጋቢ ስጡት።) ልጅ ሲያለቅስ፣ ዘውድ ሲወድቅ፣ በግ ሊወጣ ሲል ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሕዝቡም አንድ ሽማግሌ እረኛ በግ ሲጠብቅ ነው የሚያየው። ከጎን «እዚህ! ወደዚህ! በል ተናገር!» ብሎ መጮኽ ግን ልጁን ያሸማቅቀዋል፣ ሰዉም ስሕተቱን የሚያውቀው ከእናንተ ጩኸት ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

ቃሉን ከረሳ፣ ተራኪው ይበልለት። ሦስት ቁጠሩና እለፉ። ከዚያ በላይ አትጠብቁት፣ ዝምታው ለልጁ ረጅም ነው።

ካለቀሰ፣ ጋቢ የለበሰው ሰው ይሂድና አጠገቡ ይንበርከክ። እጁን ይዞ መቆም ከቻለ ይቁም። ካልቻለ አቅፎት ይውጣ። መመለስ ከፈለገ በማንኛውም ትዕይንት ይመለስ፤ እረኛ ሰብአ ሰገል መሃል ቢቆም ምንም አይደለም።

እናቱን አይቶ «እማዬ!» ብሎ እጁን ካወዛወዘ፣ ተዉት። እናትየዋም እንድታወዛውዝለት ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ። ካልመለሰችለት እስክትመልስለት ይጠራታል።

ከሕዝቡ ሰው ከገባበት፣ ታሪኩ ውስጥ አስገቡት። አንድ ዓመት ማርያምና ዮሴፍ በር አንኳኩ፣ ባለቤቱ ልጅ «ቦታ የለም» አለ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት እማማ አላስቻላቸውም። «ኧረ ልጄ አስገባት፣ ነፍሰ ጡር ናት እኮ!» አሉት ጮክ ብለው። ልጁ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ትልቅ ሰው አዞታልና «እሺ፣ ግቡ» ብሎ በሩን ከፈተው። ተራኪዋ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ወረቀቷን ዝቅ አድርጋ «ሰውየውም አዘነላቸው፤ ቤቱ ግን ሞልቶ ነበርና በረቱን አሳያቸው» አለች፣ ልጁም እጃቸውን ይዞ ወደ ግርግሙ ወሰዳቸው። ተራኪ ስትመርጡ ከንባቡ እኩል ይህን እዩ፦ ነገር ሲለወጥ የማይደነግጥ ይሁን።

ሕፃኑ ከወደቀ፣ ማርያም አንስታ ትቀፈው። ይህን በልምምድ ላይ አንዴ አሠሩት፣ «ቢወድቅ ታነሺዋለሽ፣ ትስሚዋለሽ» በሏት። ያልተነገራት ልጅ ደንግጣ እናንተን ነው የምታየው።

ልብስ ከወለቀ፣ ካልተጋለጠ በስተቀር አትንኩት። አንድ ክንፍ ያለው መልአክ ይዘምራል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ድራማው ይረዝማል። ንግግር፣ ማስታወቂያ፣ ሌላ መዝሙር ይጨመርበትና ልጆቹ ለብሰው ከበር ውጭ አንድ ሰዓት ይቆማሉ። ከፕሮግራም መሪው ጋር ተነጋገሩና የልጆቹ ተራ መጀመሪያ ይሁን።

መዝሙሩ አዲስ ይሆናል። ልጆቹ ከሕፃንነታቸው የሚያውቁትን ምረጡ፣ ቢጨነቁም አፋቸው ራሱ ይዘምረዋል።

ሰው ሁሉ ቪዲዮ ለመቅረጽ ወደ መድረኩ ይጠጋል። ልጆቹ የስልክ ግድግዳ ነው የሚያዩት፣ ከኋላ ያለውም ሰው ምንም አያይም። አንድ ወጣት ይመደብና ይቅረጽ፣ ለወላጆች ግሩፕ ይላክ። ወላጅ ያልፈቀደውን ልጅ ፎቶ ሌላ ቦታ አትለጥፉ።

እርምጃ 10፦ ካለቀ በኋላ

መዝሙሩ እንዳለቀ ልጆቹን ወዲያው አትበትኑ። ግቢው በሰው ይሞላል፣ በሩ ላይ ባጃጅ ይሰለፋል። አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቡና ስም ዝርዝር ይዛችሁ ለየወላጁ በእጅ አስረክቡ። ትልቅ ወንድም ወይም እኅት ልረከብ ቢል ወላጁ ቀድሞ የነገራችሁ ከሆነ ብቻ።

እየጠበቁ ሳሉ እያንዳንዱን በስሙ ጥሩና ያደረገውን አንድ ነገር ንገሩት። «ኮከቡን አንዴም አላወረድከውም።» «ስትወድቂ ራስሽ ተነሳሽ።» ያለቀሰውን ልጅ አትዝለሉት፤ እንዲያውም እሱን ቀድማችሁ ጥሩ።

ነጠላዎቹ በዚያው ቀን ስፌታቸው ይፈታ፣ ይቆጠር። ከውሰቱ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱ ጥግ ላይ በክር የታሰረ የባለቤቷ ስም ካለ አትቸገሩም። ቆሻሻ የነካው ታጥቦ ይመለስ፣ ከገና በፊት ይድረሳት፤ በዓሉን የምትለብሰው እሱን ይሆናል።

ጆንያዎቹና ክንፎቹ ደረቅ ቦታ ላይ ይሰቀሉ። ወለል ላይ ከተቀመጡ በክረምቱ ዝናብ ይሻግታሉ፣ ለሚቀጥለው ኅዳርም አዲስ ካርቶን ፍለጋ ትወጣላችሁ።